ሱሉልታ ላይ የዘራነው ባቄላ

ልጄ ሱሉልታ ቤት ሠርቶ ባለፈው እሑድ ግቢውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። «እማዬ፣ እዚህ ጋ አቮካዶ እተክላለሁ» አለኝ። «በዚህ ብርድ? ምን ነካህ!» ብዬ ጮህኩበት። ሳቀብኝ። ለምን እንደተቆጣሁ አያውቅም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሰበታ የምናርሰውን መሬት ባለቤቱ ለሌላ ጭሰኛ ሰጠብንና አባቴ ሱሉልታ ሜዳው ላይ አንድ ማሳ ለምኖ አገኘ። ባለመሬቱ «ለዘንድሮ እረስ፤ የማቆይህ ምርትህን አይቼ ነው» አሉት። እንግዲህ ያለን ነገር ያ የምንዘራው ባቄላ ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ኦቦ ነገዎ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማሳቸው ከኛ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ነው። ሰኔ እንደገባ ዘርተው ጨረሱና ወደ አባቴ ወረዱ።

«አንተ ሰው፣ ምን ትጠብቃለህ? ብርዱ ከተራራው ወርዶ የሚተኛው እዚህ ሜዳው ላይ ነው። ጥቅምት ሳይገባ ፍሬ ካልያዘ አለቀልህ።»

«ኦቦ፣ አንቱ ደግሞ! ቶሎ የተዘራ ባቄላ ዝናብ ያበሰብሰዋል። እኔ ባቄላ ስዘራ አይደል እንዴ ያረጀሁት?» አለ አባቴ። ሰበታ እንደለመደው ሐምሌ ላይ ዘራ።

ሰበታ ቢሆን ልክ ነበር። ሱሉልታ ግን ብርዱ ሁሉን ነገር ያዘገየዋል፤ ቡቃያው ይለግማል፣ አበባውም ይቆያል። ጥቅምት ሲገባ የኦቦ ነገዎ ማሳ እሸት አድርሶ የኛ ገና አበባ ነበር። ደግሞ እንዴት ያለ አበባ መሰላችሁ! ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ጥቁር ጣል ያለበት። ሽታው ደጃችን ድረስ ይመጣል። እናቴ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ታሸተው ነበር።

አንድ ቀን ስንነሳ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሣሩ ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። አበባው ግን እንዳለ ቆሟል። «እሰይ፣ ተርፏል!» አልኩ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ሁሉም ጠቆረና እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዝለፈለፈ። ኦቦ ነገዎ ወርደው አዩና «ያ ዋቀዮ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩ። አልነገርኩህም ወይ አላሉትም።

ማንም አላለቀሰም። እኔም ምንም አልተሰማኝም፤ ብርድ ያደነዘዘው እጅ እንደሚሆነው ነበርኩ። አባቴ ገብቶ የሞተውን ባቄላ ሲያርም ዋለ። ምሳ ይዤለት ስሄድ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ እኔም ተው አላልኩት። ሳህኑን አስቀምጬ ተመለስኩ።

ባለመሬቱ እንዳሉት አደረጉ። ዕቃችንን አህያ ላይ ጭነን ቡራዩ አድረን ሰበታ አክስቴ ቤት ገባን። አክስቴ የባቄላ እሸት አቀረበችልን፤ እኛ በዘራንበት ሰሞን የተዘራ ነው። አባቴ አንዱን ፈልፍሎ ፍሬውን መዳፉ ላይ አድርጎ ያየው ጀመር። አልበላውም። እኔ በላሁ፤ ጣፈጠኝም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሰው ማሳ ላይ በቀን ሥራ ኖሮ ሞተ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ እሱ አልነበረም።

እሑድ ዕለት ልጄ መልሶ «ታዲያ ምን ልትከል?» አለኝ። ግቢውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት።

«ያሰኘህን ትከል፤ ቢደርቅብህም ውጣ የሚልህ የለም» አልኩት።