ጎንበስ የማያሰኝ መፍለጫ

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ሥልጣን ብቻ ነው የቀረው፤ እንጨት መፍለጥ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት እናቴ ወርሳዋለች። በዕድር ስብሰባ ላይ የመናገር ተራውን ከእሱ የበለጠ የሚጮሁ ሰዎች ወስደውበታል። እንጨቱን ግን ማንም አልተቀናቀነውም። ቅዳሜ ጠዋት ከልደታ ማርያም ተሳልሞ ይመለሳል፣ ጋቢውን ሽቦው ላይ ይሰቅላል፣ መጥረቢያውን ያነሣል። ያኔ ፊቱ የሥራ ሰው ፊት ይሆናል።

እንጨት ለምን እንደሚያስፈልገን ለሚጠይቅ፣ እኛም የኤሌክትሪክ ምድጃ አለን። መብራት እስካለ ድረስ ምድጃው ሥራውን የሚያከብር ነው። መብራቱ ደግሞ የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ለማንም አያሳየውም እንጂ። በዚያ ላይ እናቴ ማኅበር በደረሳት ቁጥር ጠላው የሚጠመቀው፣ ድፎ ዳቦውም የሚጋገረው በእንጨት ነው። በኤሌክትሪክ የተጋገረ ድፎ ቢቀርብላቸው ማኅበርተኞቹ በትሕትና ይበሉታል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓመት ያወሩታል።

ችግሩ የመጣው ባለፈው መስከረም ነው። አባቴ የሚፈልጥበት ጉቶ ከዘመን ብዛት መሬት ውስጥ ሰጥሞ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ እያንዳንዱን እንጨት ለመምታት ወገቡን አጥፎ መውረድ ነበረበት። አንድ ቅዳሜ ወረደና መነሣት አቃተው። በዚያው ቅጽበት ከግቢያችን ማዶ ክፍል ያሉት እትዬ ውኃ ሊቀዱ ብቅ አሉ። ለሰላምታ የጎነበሰላቸው መሰላቸው።

«ኧረ በማርያም ጋሼ! ኧረ አይገባም!» ብለው እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

አባቴ ቀና አላለም። እትዬም ከእሱ ቀድሞ ቀና ማለት ነውር ሆነባቸውና አልተነሡም። እናቴ ወጥታ እስክታያቸው ድረስ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ቧንቧው አጠገብ ተጎንብሰው እየተከባበሩ ቆዩ።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሐኪሙ መረመረውና «አባት፣ ከዚህ በኋላ ጎንበስ እያሉ ሥራ የለም» አለው። አባቴ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት የፈጀ ሰው ነው፤ የተባለውን እንጂ ሊባል የተፈለገውን አይሰማም። ገና የጤና ጣቢያውን በር ሳንወጣ ብይኑን ሰጠ።

«ጎንበስ አይበሉ ነው ያለኝ። አይፍለጡ አላለኝም።»

«ሳትጎነብስ እንዴት ልትፈልጥ ነው?» አለች እናቴ። «እንጨቱ ተነሥቶ ሊመጣልህ ነው?»

«አስብበታለሁ።»

«አስብበት። የኅዳር ማርያም ማኅበር የኔ ነው። እስከዚያ ካልሆነ ፍልጥ አስመጣለሁ።»

ፍልጥ ማለት ሌላ ሰው የፈለጠው፣ ተሸክመው አምጥተው በር ላይ የሚያራግፉት እንጨት ነው። ለእናቴ እንጨት ነው። ለአባቴ ግን ወንድ የሌለበት ቤት የሚገባ ዕቃ ነው፤ ባል የሞተባቸው ሴቶችና ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች የሚገዙት። ያን ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያውን ይስላል። ይስላል፣ በአውራ ጣቱ ይነካዋል፣ መልሶ ግድግዳው ሥር ያስደግፈዋል። በአዲስ አበባ ከዚያ የበለጠ የተሳለና ከዚያ የበለጠ ሥራ የፈታ መጥረቢያ የነበረ አይመስለኝም።

እኔ በዚህ ቤት የምታወቀው በዝምታዬ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሻይ አቅርቤ እሰወራለሁ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ መውረጃዬን አብነትን አልፌ የሄድኩበት ጊዜ አለ። የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፤ የሰው ኑሮ ማጥናት። እትዬ ይህንኑ ሥራ ያለ ዲግሪ፣ ከመስኮታቸው ሳይነሡ ይሠሩታል። ያም ሆኖ የዚያን መጥረቢያ መሳል ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ከፍ ያለ መፍለጫ ልሠራለት ወሰንኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለመናገር ደፋር መሆን ያስፈልጋል፤ ለአናጢነት ግን የሚያስፈልገው ምስማር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስልኬ ላይ አንድ ጺማም ፈረንጅ አገኘሁ። ጫካ መሃል ቆሞ፣ ጓንት አድርጎ፣ እንጨት እንደ ቅቤ ይከፍላል። መጀመሪያ ጋራዣችን ውስጥ ካሉት መጋዞች ተስማሚውን እንድንመርጥ መከረን። አመሰገንኩትና መጋዝና መዶሻ ከእትዬ ተዋስኩ። ከእሳቸው መዋስ በግቢው ማስታወቂያ እንደመለጠፍ መሆኑን ባውቅም አማራጭ አልነበረኝም። ጣውላውንና ለእግሩ የሚሆነውን ሞራሌ ያገኘሁት ጌጃ ሰፈር ከፈረሰ ቤት ነው። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ ድንጋይ ላይ አቃንቼ፣ እንደገና ሥራ አስያዝኳቸው።

የጺማሙ ሰውዬ ምክር ቀላል ነበር፦ መፍለጫው ከፈላጩ ጉልበት ትንሽ ከፍ ይበል፤ እንጨቱ ሲቆምበት ወገብ ይደርሳል፤ ሰውየው ቀጥ ብሎ ይመታል። ስለዚህ ማወቅ የነበረብኝ የአባቴ ጉልበት ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ብቻ ነው። ለእናቴ ገመድ ይዤ «አባዬን ልለካው ነው» ስላት ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ቆሞ የሚሄድ ሰው ይለካል? የሬሳ ሳጥን ሠሪ ነሽ?»

ጨዋ ልጅ ስለሆንኩ አልተከራከርኩም። የተማረ ሰው አማራጭ መንገድ አያጣም ብዬ፣ ቡናማው ሱሪው ታጥቦ ሽቦ ላይ እስኪሰጣ ጠበቅኩ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጣ ብሎ ሳስቷል። ከጫፉ እስከ ሳሳው ቦታ ለካሁ። በራሴ ኮራሁ። ጥንቃቄ ማለት ይሄ ነው አልኩ።

ሥራውን የምሠራው ከሻወር ቤቱ ጀርባ ቢሆንም፣ የመዶሻ ድምፅ አያፍርም። እትዬ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ? መድረክ ነው? ማን ሊዘፍን ነው?»

«የ... የእንጨት ነው እትዬ።»

«እንጨት መሆኑንማ አየሁት። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይሄን ነው?»

«አይ።»

«ለነገሩ እነሱ ካስተማሩሽ ይሻላል» አሉና ጀሪካኑን ላዩ ላይ አሳረፉበት። በግቢያችን ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ሁሉ የሕዝብ ነው።

አራት ወፋፍራም እግሮች አቆምኩ፤ እንዳይወላገዱ በአግድም አሰርኳቸው። ላዩን በሁለት ድርብ ጣውላ ለበድኩት፤ እንጨቱ እንዳይንሸራተትም ዙሪያውን ክፈፍ አበጀሁለት። ጠንካራ ነበር። በዚህ ማንም አይወቅሰኝም፤ ዝሆን ቢተኛበት ይችላል።

ቅዳሜ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግቢው መሃል ጎትቼ አቆምኩለት። ከበረንዳው ምሰሶ ጀርባ ሆኜ አየሁት። መፍለጫውን ዞረው፤ እንደገና ዞረው። በመዳፉ ነካው። ዓይኑ እርጥብ ብሏል ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ እሱ ግን ጉንፋን ነው ብሏል።

ከዚያ ግንዲላ አንሥቶ አቆመበት። የግንዲላው ጫፍ የአባቴ ደረት ላይ ደረሰ። መጥረቢያውን ወደ ላይ ሲያነሣው የልብስ ሽቦው ያዘው፤ የእናቴ ነጠላ ተከትሎት ወረደ። ነጠላውን በክብር አጥፎ አስቀመጠና መታ። «ቶክ» አለ። እንጨቱ አልተሰነጠቀም። መጥረቢያው ነጥሮ ተመለሰ።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ግሩም ነው! ወገቤ ምንም አልተሰማውም።»

እውነቱን ነው። ወገቡ ለሥራው አልተጠየቀም። ሥራው ሁሉ ትከሻው ላይ ወድቆ ነበር። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ለፍቶ የፈለጠው ለአንድ ጀበና የሚበቃ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ እናቴ ትከሻውን በቪክስ እያሸች «ወገቡን አድናችሁ ትከሻውን ገደላችሁት» አለችኝ። ተባባሪዬ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ጺማሙ ሰውዬ።

መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ግሩም ነው» አለኝ፣ በሌላውም «ግሩም ነው» አለኝ፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። በቤታችን ፍቅር የሚገለጸው እንዲህ ነው፤ አንዱ ዝም ብሎ ያጠፋል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይታመማል። ኅዳር ግን ይሉኝታ የለውም፤ እየቀረበ ነበር። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ያልተፈለጠው ግንዲላ ግን አጥሩ ሥር እንደተከመረ ነው።

ማኅበሩ የሚውልበት ሐሙስ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ጠዋት ከቤት ስወጣ አባቴን ያለወትሮው ረዝሞ አገኘሁት። ሁለት ብሎኬት አምጥቶ ጎን ለጎን ደርድሮ ላያቸው ላይ ወጥቷል። መፍለጫው ዝቅ በል ከሚባል እሱ ከፍ ብሏል። እንጨት ሊፈልጥ ከፍ ያለ ነገር ላይ የቆመ ሰው፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ የቆመ እንጨት ሲመታ ማየት የሚያስቅ ነበር፤ አንደኛው ብሎኬት ባይነቃነቅ ኖሮ። ተንገዳግዶ መፍለጫውን ይዞ ቆመ። መጥረቢያው ከእጁ አምልጦ መሬት ላይ ወደቀ።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች።

«እዚያ ላይ ምን አወጣህ? ልትሰብክ ነው?» ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም። «በቃ። ፍልጥ ሻጩ ጋ እደውላለሁ፤ ያመጣል።»

አባቴ ከብሎኬቱ ወርዶ፣ አጎንብሶ መጥረቢያውን ሊያነሣ ሞከረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ተወው። እኔ አነሣሁለት። ሲቀበለኝ ዓይኔን አላየም። ያኔ ነው ምላሴ የተፈታው።

«አባዬ፣ ከፍ ብሎብሃል አይደል?»

«ማን አለሽ? ልክ ነው።»

«ታዲያ ብሎኬቱ ምንድን ነው?»

«መሬቱ ይቀዘቅዛል።»

«አባዬ!»

መፍለጫውን ትንሽ አየውና «በምን ነበር የለካሽው?» አለኝ።

«በሱሪህ። ጉልበቱ ጋ ከሳሳው።»

«የቱ ሱሪ?»

«ቡናማው።»

አባቴ መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ይስቅ ጀመር።

«እሱኮ ሰልባጅ ነው! ስገዛውም ጉልበቱ ሳስቶ ነበር። ረዝሞብኝ ሁለቴ አጥፌ ነው የምለብሰው። ልጄ፣ የለካሽው የፈረንጅ ጉልበት ነው። ያውም የሞተ ፈረንጅ።»

«መሞቱን በምን አወቅህ?»

«በሕይወት ቢኖር እንዲህ ያለ ሱሪ ይሰጣል?»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«እንዲያ ስትለፊበት አይቼ? ምን ብዬ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ልትለኪኝ ፈልገሽ ለምን ቁም አላልሽኝም?»

መልሴን አልጠበቀም። ወደ መፍለጫው ተጠግቶ እግሩን ከመፍለጫው እግር ጋር አስተካክሎ ቆመ፤ «እዚህ ጋ ነው የኔ ጉልበት። ከሰል አምጪና ምልክት አድርጊበት» አለኝ። እናቴ ስልኳን እንደያዘች ታየናለች። መቼም የተለካው ሞራሌው ነው፤ ሰው አልተለካም።

መፍለጫውን ገለበጥነውና መጋዙን እንደገና ከእትዬ ተዋስኩ። ተከትለውኝ መጡ።

«ልታሳጥሩት ነው እንዴ? ጋሼ፣ እኔኮ ለጀሪካኔ ለምጄው ነበር!»

«ለእርስዎ ሌላ እናሠራልዎታለን እትዬ» አለ አባቴ። «ባለሙያ አለን።»

ሁሉም ሰው በሚያይበት መጋዝ መግፋት ለእኔ ዓይነት ሰው ንግግር ከማድረግ አይሻልም። ገፋሁ። አራቱንም እግሮች ቆረጥኩ። አንደኛው ከሦስቱ ትንሽ አጠረ፤ ለእሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተፈለገለት። ስናቆመው ውበቱ የሚያኮራ አልነበረም። በተለይ አግድሞቹ መሬት ሊነኩ ምንም ስላልቀራቸው የተንበረከከ በሬ ይመስላል።

አባቴ ግንዲላ አቆመበት። ቀጥ ብሎ ቆመ። መጥረቢያውን አነሣ፤ ሽቦው አልነካውም። መታ። ግንዲላው ለሁለት ተሰንጥቆ ግራና ቀኝ ወደቀ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ትንሽ ተከራከረና ተሰነጠቀ። ከአፉ የወጣው ትንፋሽ እንጂ «ወገቤን» የሚል ቃል አልነበረም።

እናቴ ከበሩ ወርዳ መጣች። ከፍልጡ አንዱን አነሣችና መዘነችው፣ አገላበጠችው።

«ወፍሯል» አለች። «ይሄ ለድስት ነው ለደመራ?»

«ቀጭን ከፈለግሽ ቀጭን በይ።»

«ቀጭን። ከሐሙስ በፊት ደግሞ ይድረቅልኝ።» ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ገባች።

ትዳራቸውን ለማያውቅ ሰው ይህ ስድብ ነው። ለአባቴ ግን ሥራው ላይ መቆየቱ የተነገረው በዚህ ነው፤ እንጨቱ ወፈረ የሚባለው የሚፈልጥ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ መጥረቢያውን ጨበጠ፤ ከዚያ ባዶውን መፍለጫ አይቶ፣ መሬት ላይ የተከመረውን ግንዲላ አይቶ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ።

«በይ አቀብዪኝ እንጂ» አለ። «እኔ ጎንበስ አትበል ተብያለሁ።»

ጎንበስ ብዬ አነሣሁለት።