በሞቴ ብዬ ያጠጣሁት ቢራ

ቢራ አልወድም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ለቅመም ግን ሟች ነኝ። በርበሬዬን የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠው ወንፊትና ሰፌድ እንጂ መኪና አይደለም። ባለቤቴ በክረምት ጠዋት ከመኪናው ላይ በረዶ ሲጠርግ የሚያጉረመርመውም በዚሁ ነው። የሰው ድስት ከፍቼ "አዝሙዱ በዝቷል" የምል ሴት ነኝ። አፍንጫዬን የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ የሚጠሉትም አይጠፉም።

የምሠራው ፕሊማውዝ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ ነርስ አለች፤ ባሏ ቤቱ ውስጥ ቢራ ይጠምቃል። ጠላ ጠማቂ አግብተሽ ሥራ ቀለለልሽ እያልኩ አሾፍባታለሁ። ባለፈው መስከረም ባሏ እንደ ቤልጂየሞች አድርጎ በቅመም የጠመቀውን ቢራ ሦስት ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። ትልልቅ ጠርሙሶች ናቸው፤ ቡሻቸው እንደ ሻምፓኝ በሽቦ ታስሯል። ሦስት ዓይነት ቅመም አለበት፣ ሦስቱንም ለይታ ከነገረችኝ በሚቀጥለው እሷ የመረጠችውን ቅመም ጨምሬ እጠምቃለሁ ብሎ ልኮብኛል። እኔን በቅመም ሊፈትን!

ቤት ገብቼ አንዱን ከፈትኩት። ድፍርስ ነው፤ ገና ያልጠለለ ጠላ ይመስላል። አፍንጫዬን ሳስጠጋው መጀመሪያ የመጣልኝ ብርቱካን ነው፤ ጭማቂው ሳይሆን ልጣጩ፣ ያ መራራው። ቀጥሎ ድምብላል። ድምብላልን ማን ያጣዋል? ፉት ስለው ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ ያልፍና ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ አንድ ሙቀት ይቀራል። ሦስተኛው ያ ሙቀት ነው። ቁንዶ በርበሬ ልል አልኩና ተውኩት። ዝንጅብልም አይደለም። ነርሷ በየሺፍቱ እየመጣች "እህስ?" ስትለኝ ደሜ ይፈላ ጀመር።

በቤተሰባችን ከእኔ የሚበልጥ ምላስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ። እናታችን ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እቴቴ እያለ ነው የሚጠራኝ። ገና ልጅ ሆኖ ወጥ ቀምሶ ምን እንደጎደለው ይነግረኝ ነበር፤ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። አሁን ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት አፓርትመንት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ሚስቱ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዛ ከተለየችው ያኔ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ምክንያቱ መጠጥ ነው ስትል እኔ አላመንኳትም። ሰው ከሥራ ገብቶ ቢጠጣ ምን አለበት፣ ሥራውን አልፈታ፣ ማንንም አልመታ ብዬ ለወንድሜ ወገንኩ። እንደዚያ በማለቴ ዛሬ አፍራለሁ።

በዚያው ሳምንት ደወለልኝ። እሁድ እመጣለሁ፣ የምነግርሽ ነገር አለ አለኝ። እኔም የማስቀምስህ ነገር አለ አልኩት። ምን ልትነግረኝ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጣ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ፊቱ ሞላ ብሏል፣ ዓይኑ ጠርቷል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ሴት አግኝቷል አልኩ በሆዴ። ምሳ በላን። ሳህኑን አነሳሁና ቢራውን ቀድቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

እንግዲህ የእኛን ነገር ታውቃላችሁ። መጀመሪያ "እንካ" ሲባል እሺ የሚል የቸገረው ነው። አንዴ እምቢ ይባላል፣ ሁለቴ እምቢ ይባላል፣ በሦስተኛው ልመና ይበላል። ወደዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን አንዲት ፈረንጅ ራት ጠርታኝ ሥጋውን ስታቀርብልኝ "አይ፣ ይበቃኛል" አልኩ፤ ሆዴ እየጮኸ። እስክትለምነኝ ስጠብቅ ሳህኑን አንስታ ለሌላው አቀበለችው። ቤቴ ገብቼ ደረቅ ዳቦ ገመጥኩ። እነዚህ ሰዎች አንጀት የላቸውም እያልኩ ስንት ዓመት ስቄባቸዋለሁ።

ወንድሜ ብርጭቆውን በጣቱ ገፋ አድርጎ "ይቅርብኝ እቴቴ" አለ። ይህ አንድ ነው። መኪና ይዤ ነው የመጣሁት አለ። እሱ ሁለት፤ እዚሁ ጋደም ብለህ ትሄዳለህ አልኩት። ሦስተኛውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፤ ሆዴንም ትንሽ አሞኛል አለ። ስለ ሆዱ ሲናገር ዓይኔን አላየኝም። እኔ ግን ልቤ ሦስተኛው ቅመም ላይ ነበር። ብርጭቆውን አንስቼ ወደ አፉ አስጠጋሁለት።

"በሞቴ" አልኩት። "እኔ አፈር ስሆን፣ ለምላስህ ያህል።"

ሞቴን ጠርቼበት እንዴት እምቢ ይላል? እናቱን በሰባት ዓመቱ የቀበረ ልጅ ነው።

ተቀበለኝ። ፉት አለና ዓይኑን ጨፈነ፤ ቆየ። ከዚያ ኮረሪማ ይመስላል ግን አይደለም፣ የኮረሪማ ዘመድ ነው፣ ከኮረሪማ ይልቅ ያቃጥላል አለኝ። ብድግ ብዬ ሄጄ ለነርሷ ደወልኩ። ባሏ ስልኩን ተቀብሏት ሳቀ፤ እውነትም ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣ የኮረሪማ ዘመድ ነው አለ። እልል አልኩ። የሚቀጥለውን በጥቁር አዝሙድ ጥመቅ፣ የለም በጤናዳም ይሻላል እያልኩ ጓዳ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ያህል አወራሁ።

ስመለስ ጠርሙሱ ባዶ ነው። የመጨረሻውንም ራሱ ከፍቶ አጋምሶታል። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ። ወደደልኝ አልኩ። ይስቃል፣ ያወራል፣ የልጅነታችንን ጎረቤቶች አነጋገር እየቀዳ ያስቀኛል። በመሃል ትዝ አለኝና የምነግርሽ አለ ያልከኝ ምን ነበር አልኩት።

"ረሳሁት" አለኝ።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በወንድሜ መኪና ቤቱ አደረሰውና እሱ በታክሲ ተመለሰ። ጠርሙሶቹን ያማሩ ናቸው ብዬ አጥቤ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ የወንድሜ ሚስት ደወለችልኝ። እኔና እሷ ከተኳረፍን ቆይተናል። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ በተሻለኝ። ሰባት ወር ጠብታ አፉ አልገባም ነበር አለችኝ። ሰባት ወር! ሐኪም ቤት ተመላልሶ፣ እንደሱ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት እየሄደ። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲወስዳቸው ፈቅዳለት ነበር፤ ለገና ወደ ቤት ሊመለስም ተነጋግረዋል። ያለፉትን ሁለት ቅዳሜዎች ግን አልመጣም። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ጫማቸውን አድርገው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። እሁድ እኔ ጋ የመጣው ማቆሙን ሊነግረኝ ነበር። እቴቴን እኔ ራሴ ልንገራት፣ ካንቺ አፍ አትስማው ብሏት ነበር፤ እኔ ቤት መጠጣቱንም በስልክ የነገራት ራሱ ነው።

ምን ብለው ነው ያጠጡት አላለችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"እምቢ አላለዎትም?"

"ሦስት ጊዜ ብሎኛል" አልኳት።

የአንድ ታማሚ ደወል ሲጮህ ስልኩን ሳልዘጋው ወደ ክፍሉ ሄድኩ። የዚያን ቀን ስንቱን አዛውንት እንዴት እንዳጠብኩ አላውቅም። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለኝ፤ ተው እባክህ፣ ወንድሜ ውሃ አይደለም ብዬ ተቆጣሁት። ጠርሙሶቹን በላስቲክ ቋጥሬ ጣልኳቸው። ለነርሷም አንድ ቀን ሁሉንም ነገርኳት። በእነሱ ቤት አንዴ እምቢ ያለን ሰው ማንም እንደማይጨቀጭቅ አሰብኩ፤ እኔ ስስቅባቸው የኖርኩት ነገር ወንድሜን ባዳነልኝ ነበር።

ገናን ከልጆቹ ጋር አልዋለም። ከገና በኋላ ግን ሐኪም ቤት ተኝቶ ታክሞ ወጣ። ይኸው እንደገና አቁሟል፤ አምስተኛ ወሩን ይዟል፤ ልጆቹንም ያያቸዋል። እኔንም አልተወኝም። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ልጆቹን ይዞ መጦሪያው ፓርኪንግ ላይ ይጠብቀኝና መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠን እናወራለን። ቤቴ ግን አንድም ቀን ረግጦ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ሥራ እያለ፣ ርቀት እያለ ሰበብ ይፈልግ ነበር። እኔም ያፈረ መስሎኝ አልጨቀጨቅኩትም።

ፋሲካ ሲደርስ አልቻልኩም። ልጆቹ ከኋላ ስልካቸው ላይ ተጠምደዋል፤ ድምፄን ቀንሼ ለመንኩት። ቤቴ ውስጥ የመጠጥ ዘር የለም፣ የዘንድሮን ጠላም ትቼዋለሁ፣ ለሚመጡትም እንግዶች ይዛችሁ እንዳትመጡ ብያለሁ፣ ቃል ልግባልህ አልኩት። ያን እሁድ ያደረግኩትን ይቅር በለኝም አልኩት። እጄን ያዘኝ። ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ፣ ብርጭቆውን ያነሳው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ታዲያ ለምን አትመጣም አልኩት።

"መጠጡን አይደለም የምፈራው" አለኝ። "ቢራ ተደርድሮ አጠገቡ አልፋለሁ። ሰው ሲጋብዘኝ እምቢ ማለት ተምሬያለሁ፤ ለአለቃዬም፣ ለጓደኞቼም። ላንቺ ብቻ ነው ያልቻልኩት፣ እቴቴ።"

ፋሲካን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ዋለ፤ እሰይ፣ ተመስገን። ወደ እኔ ቤት አልመጣም።