ብልቃጥ ውስጥ አልበቅል ያለው

ኪኑኤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሕግ ወደሚጋዙባት የጃፓን ደሴት በጀልባ ስትመጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጣቶቿ ገና ስላልደነዘዙ ዶክተር ኦሪታ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሥራ ሰጣት። ብልቃጥ ትቀቅላለች፤ እንቁላል መትታ ደዌውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚበቅልበትን ምግብ ታዘጋጃለች። ባክቴሪያው ራሱ የሚወሰደው ደግሞ ከእሷው ነው። ዶክተሩ በየወሩ የጆሮዋን ጫፍ በምላጭ ጫር አድርጎ፣ የወጣውን ፈሳሽ ብልቃጥ ውስጥ ይዘራና ማሞቂያው ሣጥን ውስጥ ይከተዋል።

«ብቻ አንዴ ይብቀልልኝ» ይላታል። «ከበቀለ የሚገድለውን እናገኛለን፤ አንቺም አገርሽ ትገቢያለሽ።»

በስድስተኛው ዓመት አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ቢጫ ነገር ነጠብጠብ ብሎ ታየ። ኪኑኤ እየሮጠች ጠራችው። ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ አየና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ከአየር የገባ ተራ ተህዋስ ነበር።

የክፍሏ ተጋሪ ዓይነ ስውሯ ቶሜ ይህን ስትሰማ ሳቀችባት።

«የደዌው ተባይ ካንቺ ይሻላል! ያልወደደው ቤት ውስጥ ቢዘጉበት ይሞትባቸዋል እንጂ አይኖርላቸውም።»

«እትዬ ቶሜ፣ እባክዎ ዛሬ እንኳን ይተዉኝ።»

መድኃኒቱ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ኪኑኤ አራት ዓመት መርፌ ተወጋች። ጆሮዋ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም ሲታጣበት፣ ደህናውን ኪሞኖዋን ለብሳ ዶክተሩ ፊት ቆመች።

«ከደዌው ነፃ ነሽ ብለውኛል። የመውጫ ወረቀቴን ይጻፉልኛ።»

«መዳኑንስ ድነሻል» አለ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ። «ሕጉ ግን ስለ መግባት እንጂ ስለ መውጣት የሚለው ነገር የለም።»

«ታዲያ ለምን ተስፋ ሰጡኝ?»

«እኔም አምኜው ነበር።»

መዳኗን ለወንድሟ ጻፈች። «እህታችን ልታገባ ነው፤ አደራሽን እንዳትመጪ» የሚል አንድ መስመር መለሰላት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተሩ ተዛወረ። ሻንጣውን ተሸክማ፣ ሕሙማን እንዳያልፉት ገመድ እስከተዘረጋበት ድረስ ሸኘችው። እሱ ገመዱን ተሻግሮ ጀልባው ላይ ወጣ። እሷ ተመልሳ ብልቃጥ አጠበች፤ ለሚቀጥለው ሐኪም፣ ከዚያም ለቀጣዩ። ከአንዱም ውስጥ አልበቀለም።

ሕጉ የተሻረው ሰባ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። ወንድሟም እህቷም አልፈዋል። ወደቡ ላይ ትኬት ቆራጩ ልጅ በአክብሮት ጎንበስ አለላት።

«ወዴት ነው የሚሄዱት፣ እማማ?»

ኪኑኤ ገንዘቡን አቀበለችው።

«እንጃ ልጄ። ጀልባው ወደዚህ የሚመለሰው በስንት ሰዓት ነው?»