አሻጥረኛ ሊያሰኘኝ የነበረው ኮምፒዩተር

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው። ዓመቱን አጥርቼ አላስታውሰውም፤ በዚህ ዕድሜዬ መነጽሬን አናቴ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሙሉ የምፈልግ ሰው ነኝ። ያቺን ቅዳሜ ግን እስክሞት አልረሳትም። በሕይወቴ አንዴ ብቻ ሊቅ የሆንኩባት ቀን ናት። ሊቅ የሆንኩበትን መንገድ ስትሰሙት ግን ትስቁብኛላችሁ።

ያን ጊዜ በአንድ የበግ እርባታ ፕሮጀክት ቢሮ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ አምፑል መቀየር፣ የጄኔሬተሩን ጠባይ መቻልና የሠራተኛውን ሬዲዮ ተደብቆ መጠገን ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ኮምፒዩተር መጣልን። ለብቻው ክፍል ተሰጠው፤ መጋረጃም ምንጣፍም ተደረገለት። በዚያ ብርድ እኛ በካፖርት ስንንቀጠቀጥ ለእሱ ማሞቂያ ተገዛለት። ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነበር፤ በዚህ የተነሣ የቢሮው ሰው ሁሉ የካልሲዬን ቀዳዳ ያውቀዋል። የምታሠራው ደግሞ አዲስ አበባ ሠልጥና የመጣች ንግሥት የምትባል ልጅ ነበረች።

ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ሁለት የዲስኬት ማንበቢያዎች ነበሩት፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ሲበራ መጀመሪያ የሚቀሰቅሰውን ዲስኬት የሚያነበው የላይኛው ነው። እሱ ተበላሸ። አዲስ መለዋወጫ ተላከልን፤ የሚገጥመው ባለሙያ ግን ቶሎ አይደርስም ተባለ። ሰኞ ደግሞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ሊመጡ ነው፤ ሊያዩ የሚመጡትም ያንኑ ማሽን ነው።

ስብሰባ ተጠራ። ካድሬያችን ጓድ በላቸው «መፍትሔ ያለው ጓድ አለ?» ሲል ምላሴ እኔን ቀድማኝ ተነሣች።

«ምን አላት? ከሬዲዮ የምትበልጠው በዋጋ ነው» አልኩ።

ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባ ደግሞ እኔን ከአረቄ ቀድሞ ነው የሚያሰክረኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብሎኑን ፈታሁ። አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ ሰካሁና ከደንኩ። ንግሥት ማብሪያውን ተጫነች። የአዲሱ ማንበቢያ መብራት ቦግ አለ።

«አላልኳችሁም?» ብዬ እጄን ማራገፍ ጀመርኩ።

ንግሥት ግን የምታየው ስክሪኑን ነበር። ጥቁር ነው። ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም የለበትም።

«ጋሼ፣ መብራቱ አልጠፋም እኮ» አለችኝ።

«ብርሃን ቢበዛ ምን ያስከፋል?»

«የሚበራው ሲያነብ ብቻ ነው። ይሄ ምንም ሳያነብ ነው በርቶ የቀረው።»

ሳያነብ የሚያበራስ ጓድ በላቸውም አለ ልላት ነበር። ደግነቱ ያን ጊዜ ምላሴ ታዘዘችልኝ።

አጠፋን፣ አበራን። ነቅዬ ሰካሁ። ንግሥት ዲስኬቱን በሌላ ለወጠች። እኔም እንደለመድኩት ሬዲዮ ጎኑን መታ መታ አደረግኩት። ያው ነው። መብራቱ ይበራል፣ ማሽኑ አይነቃም።

ጓድ በላቸው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ገባ።

«ምን ላይ ደረሰ?»

«እየተለማመደ ነው» አልኩ።

«ጓድ፣ ይህ የሕዝብ ንብረት ነው። ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ አንዱ ማንበቢያ ይሠራ ነበር። አንተ ከፈትከው፤ ሞተ። ያውም ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ። ይህ እኔን አሻጥር አሻጥር ይሸተኛል።»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። «አሻጥረኛ» ከተባልክ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አይደለም፤ ሊወስድህ የመጣ መኪና ድምፅ ነው። ጓድ በላቸው ክፍሉን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ማሽኑ ለጎብኚዎቹ ካልተነሣ ሪፖርቱን እንደሚያደርግ ነግሮኝ ወጣ። ከሬዲዮ የምትበልጠው በዋጋ ብቻ ናት ያልኩት ሰውዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የእድራችን አባል የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀብር ነበር። መቅረት አይቻልም። ደግሞም እስር ቤት ብገባ ስንቅ የሚያቀብልልኝ ይኸው እድር ነው ብዬ አሰብኩና ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። አካሄዴ ከሬሳው የባሰ ነበር።

ወደ መቃብሩ ስንደርስ ባለቤቴ እታፈራሁ ከሴቶቹ ተለይታ መጣችና ጎኔን ጎሰም አደረገችኝ።

«አንተ ሰው፣ ሰርግ ነው የመጣኸው?»

«ምን አደረግኩ?»

«ነጠላህን እየው። ጥለቱን ታች አንዠርግገኸዋል። ዘቅዝቀው እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ለሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ አንገት ይዞራል። ነጠላዬን አውልቄ ገለበጥኩት። ጥለቱ ቀይ ነበር። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ ቀዩ ጠርዝ ቦታ ስለለወጠ ብቻ ሰርገኛው ለቀስተኛ ሆነ።

እጄ አንገቴ ላይ ደርቆ ቀረ።

ያ ጠፍጣፋ ገመድም በአንድ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ነበረው። እኔ ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ለጌጥ! ማንም በማያየው የማሽን ሆድ ዕቃ ውስጥ ጌጥ የሚሠራ ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው? መስመሩ የቱ ጫፍ በየት በኩል እንደሚሆን መንገሪያ ነበር። እኔ ደግሞ ዘቅዝቄ ሰክቼዋለሁ።

ፊቴ ፈካ። ሁሉ በሚያለቅስበት ቦታ ጥርሴ ታየ።

እታፈራሁ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «በሟች ላይ ነው የምትስቀው?»

«ተዘቅዝቆ ነው፣ እታፈራሁ።»

«አዎ፣ አሁን ተስተካክሏል። ዝም በል።»

ሽማግሌው አፈር እስኪለብሱ ድረስ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጓድ በላቸው ቤት ሄድኩ። የተዘቀዘቀውን ነጠላዬን ሲያይ ደነገጠ።

«ማን ሞተ?»

«እስካሁን እኔ አልሞትኩም። ቁልፉን ከፈቀዱልኝ ደግሞ ጭራሽ አልሞትም።»

«ማስረጃ ልታጠፋ ከሆነ...»

«ራስዎ ይቁሙብኝ፣ ጓድ።»

በመንገዳችን ንግሥትን ከቤቷ ጠራናትና ሦስታችንም ጫማችንን አውልቀን ገባን። ክዳኑን አነሣሁ። እጄ ያልነካው የታችኛው ማንበቢያ የገመዱ ቀይ ጠርዝ ወደ ግራ ነው። እኔ የገጠምኩት የላይኛው ወደ ቀኝ። አንዱ ለሰርግ፣ አንዱ ለለቅሶ የለበሱ ጎረቤታሞች መስለዋል። ነቀልኩ፣ ገለበጥኩ፣ ሰካሁ። ንግሥት ዲስኬቷን አስገባች።

«አብሪው» አልኳት።

የላይኛው መብራት በራ። ማሽኑ እንደ ጠገበ በሬ ጉርርር አለ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። የመብራት መጥፋት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊደል መደርደር ጀመረ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ተነሣ» አለች ንግሥት ቀስ ብላ።

ጓድ በላቸው ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። «ለመሆኑ ችግሩ ምን ነበር?»

ይኼኔ ነው ሊቅነቴ የተፈተነው። ዘቅዝቄ ሰክቼው ነው ብል ያው በገዛ አፌ መፈረሜ ነው።

«በላይኛውና በታችኛው መካከል ተቃርኖ ነበር፣ ጓድ። ፈታሁት።»

ጓድ በላቸው ቃሉን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። «ትክክለኛ ትንተና ነው» አለ።

ንግሥት ዲስኬት የወደቀባት መስላ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

ሰኞ ጎብኚዎቹ መጡ። ማሽኑ ሠራ፣ ማተሚያው ተንጫጫ፣ ተጨበጨበ። ጓድ በላቸው ተነሥቶ በሠራተኛው ፊት ግንባር ቀደም ሠራተኛ ብሎ ጠራኝ። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስም ተሸለምኩ። የገደለውም ያስነሣውም አንድ ሰው መሆኑን የሚያውቁት ንግሥትና እታፈራሁ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም አላወጡብኝም። እታፈራሁ ብርድ ልብሱን በራሷ በኩል ሳብ አድርጋ ትተኛ ነበር እንጂ ሌላ ካሣ አልጠየቀችኝም።

ዛሬ ይህን ሳወራ ልጆቼ «አባባ፣ አታፍርም?» ይሉኛል። ማፈር ይገባኝ ነበር፤ ግን እምቢ ብሎኛል። ሰው በሌላው ጥፋት በሚታሰርበት ዘመን፣ እኔ በራሴ ጥፋት ተሸልሜያለሁ።