የየብርጓል ውርርድ

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሉማሜ ላይ ለሻይ ሲቆም ተሳፋሪው መጀመሪያ የሚያየው የየብርጓልን ሻይ ቤት ነው፤ ከጎኑ ደግሞ የባሏን የይስማውን ጎሚስታ። እሷ ሻይ ስትቀዳ፣ እሱ ጎማ ሲነፋ ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ጨዋታ ግን አትረፍርፎ ሰጥቷቸው ነበር።

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ይስማው እጁን በኦሞ ፈትጎ ይመጣና ከሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ይሰየማል። በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ፊልም ነው፤ ከተማው «የዘንዶው ፊልም» ይለዋል። ንጉሡ ዘንዶ ሊገድል ወደ በረዶው ተራራ ወጥቶ ቀርቷል፤ ንግሥቲቱ ከግንቡ በር ቆማ ትጠብቀዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትቆም እግሯም አይዝል!

«ይመለሳል» ይላል ይስማው።

«ሞቷል ስልህ! አንተ ደግሞ ልብህ ገር ነው» ትለዋለች።

በመጨረሻ በደንበኛ ፊት ተወራረዱ። ንጉሡ ከቀረ ይስማው ሽርጥ ታጥቆ ቀኑን ሙሉ ሻይ ሊቀዳ፤ ከተመለሰ የብርጓል ቱታ ለብሳ ጎማ ልትነፋ። ሉማሜ ያን ቀን ለማየት ቋመጠች።

የመጨረሻው ክፍል ሊታይ አምስት ሳምንት ሲቀረው ይስማው ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ለቀስተኛው ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነው። ኀዘን ቤት ፊልም አይከፈትም፣ ቢያንስ እስከ አርባው። እሷም አላማራት። ከማን ጋር ልታየው?

የመጨረሻው ክፍል ቅዳሜ ሲደርስ ግን ልቧ አላስቀምጥ አላት። ሰው ቤት ገብታ ፊልም ብታይ ምን ትባላለች? ከማዶ ያለችው ባለሱቅ ሸምሲያ የጎረቤቷን ነገር ታውቃለች። ምንም ሳትል በሯን ወለል አድርጋ ከፈተችና የቴሌቪዥኗን ድምፅ እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። የብርጓል ከደጃፏ ቁጭ ብላ፣ ምስር የምትለቅም መስላ፣ ጆሮዋን ሰጠች። ነፋሱ ጮኸ። የፈረስ ኮቴ ተሰማ። «በሩን ክፈቱ!» አለ ዘበኛው። ልክ እዚህ ላይ ድምፁ እልም አለ።

ሸምሲያ ናት የቀነሰችው። የብርጓል ወዲያው ገባት፤ የመጣው የንጉሡ ሬሳ ነው፣ ኀዘንተኛ እንዳትሰማ ነው። ውርርዱን ረታች ማለት ነው። መርታቷም እንደ ሁለተኛ መርዶ ወረደባት። ለካ ሦስት ዓመት ስትከራከረው መረታት ነበር የምትፈልገው። ምስሩን እንደያዘች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የአርባው ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ ሸምሲያ ብርጭቆ ስታጥብ ቆየችና፣ «እቴ፣ ያን ቀን ድምፁን በመቀነሴ ተቀየምሽኝ?» አለቻት።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! ሞቱን እንዳልሰማ ብለሽ ነው።»

ሸምሲያ አቀረቀረች። «ወላሂ፣ ሞቶ ቢሆንማ መቼ እቀንሰው ነበር? በፈረሱ ነው የመጣ። ንግሥቲቱ ሮጣ ሄዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱን ነው እንዳትሰሚ የፈለግሁት።»

የብርጓል ብርጭቆውን ከሸምሲያ እጅ ወስዳ አስቀመጠች። ከዚያ፣ ይስማው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቀች። «ረታኝ!» አለች። «ይሄ ሰውዬ ረታኝ!»

በማግስቱ ጠዋት የጎሚስታውን በር ከፈተች። ቱታው ከሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ጎማና ግሪስ፣ ትንሽም እሱን እሱን ይሸታል። ፊቷን እጅጌው ውስጥ ቀብራ ቆየች። ከዚያ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ደርባ ለበሰችው። ኮምፕረሰሩ ሲያጓራ የሰፈሩ ሰው ምን መጣ ብሎ ወጣ።

አንድ ባጃጅ ቆመ። «እትዬ የብርጓል፣ ምነው? ደኅና ነዎት?» አለ ሹፌሩ።

«ተረትቼ ነው» አለችና ጎማው ላይ ጎንበስ አለች።

ቀኑን ሙሉ ስትነፋ ዋለች። አንዱን ጎማ በጨረሰች ቁጥር ቀና እያለች ወደ ሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ ወደ ባዶው ወንበር ታያለች። እዚያ ተቀምጦ ሊስቅባት የሚገባው እሱ ነበር።