ሦስቱ ስክሪኖችና የአባቶች ስም

ካምፓላ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ለመማር ነው፤ የምኖረው ካባላጋላ በሚባል ሰፈር፣ አጎቴ ቤት። አጎቴ ምግብ ቤት አለው። ቅዳሜ ከሰዓት የፖከር ካርታ ውድድር ለማዘጋጀት ሲነሳ ግድግዳው ላይ ሦስት ስክሪን አሰቀለ። አንደኛው የቀረውን ሰዓት፣ ሁለተኛው ማን የት ጠረጴዛ እንደሚቀመጥ፣ ሦስተኛው ስንት ተጫዋች እንደቀረ ያሳያሉ። ሦስቱም የሚታዘዙት ከአንድ ላፕቶፕ ነው። እኔ የተመኘሁት እሱ ላፕቶፕ ፊት መቀመጥ ነበር። የማጠናው ኮምፒውተር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ገመድ ስዘረጋና የፕሮግራሙን መመሪያ ሳነብ የሰነበትኩትም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ የላፕቶፑን ወንበር ለገዛ ልጁ ሰጠው።

«አንተ እግርህ ፈጣን ነው፤ እየዞርክ ማን ተሸንፎ እንደወጣ ንገረው» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው።

ልጁ እኩያዬ ነው። እዚሁ ተወልዶ ስላደገ የሰፈሩ የቦዳ ሞተር ነጂዎች ሁሉ በስሙ ይጠሩታል፤ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ ሲቀልድ ኮስታራው ዘበኛ ሳይቀር ይስቃል። አጎቴ እሱን «የኔ ጌታ» ይለዋል። እኔን «አንተ ልጅ»።

ልጁ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ሲያስገባ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያሳየው የመጨረሻውን ስም ብቻ ስለሆነ የእኛ የኢትዮጵያውያኑ ሁሉ የራሳቸው ስም ቀርቶ የአባታቸው ወጣ። ስማቸውን ፈልገው እንደሚያጡ ወዲያው ገባኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሜን ፈልጌ አጥቼ፣ ያልተመዘገብኩ መስሎኝ እያለቀስኩ ወደ ቤት ተመልሼ ነበር። ለካ በአባቴ ስም ነበርኩ። ይህን የነገርኩት ለአጎቴ ልጅ ብቻ ነው።

«እንዴት ነው? ጥሩ ነው?» አለኝ ወደ ስክሪኑ እያሳየ።

«ጥሩ ነው» አልኩት። ሰው ሁሉ እያየው እንዲሳሳት ፈልጌ ነበር።

ሰዓቱ ሲደርስ ኡጋንዳውያኑ ቶሎ ቶሎ ቦታቸውን ያዙ። የእኛዎቹ አንገታቸውን አንጋጠው ቆመው ቀሩ። ሁለት የወሎ ወንድማማቾች የአባታቸው ስም በወጣበት አንድ ወንበር «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ይባባላሉ። ኪኩቦ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ አባባ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኧረ ጎበዝ! አባቴ ካረፉ ስንት ዘመናቸው! ማነው ከመቃብር ጠርቶ ቁማር ያስቀመጣቸው? ቄስ ነበሩ እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ እየሮጠ መጣ። «ምን አድርገህ ነው?» ብሎ ልጁ ላይ ጮኸ። ልጁ ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠ፤ ምን እንደተበላሸ አልገባውም።

«የአባት ስም ብቻ ስለወጣ ነው። ሙሉ ስም ይውጣ ብሎ ማዘዝ ይቻላል» አልኩ፤ አጎቴ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እጄን ሰድጄ አስተካከልኩት።

«ጎበዝ! በል አንተ ተቀመጥ» አለኝ አጎቴ። ወደ ልጁ ዞሮ፣ «አንተ ደግሞ ተነስና ዙር!»

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና ይሞቃል።

ከሰዓቱን ሙሉ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲመላለስ አየሁት። የወጣ ሁሉ እሱን ያዋራል። አባባ ሲሸነፉ ትከሻውን ቸብ አድርገው «አባቴ ቢሆኑ ያሸንፉ ነበር» አሉት፤ አብረው ሳቁ። ወደኔ ቀና ያለ ሰው አልነበረም፤ የሚያዩት ስክሪኖቹን ነው። በዚያ ንቄ በተውኩት መመላለስ ቀናሁ።

ውድድሩ አልቆ ገመድ ስንጠቀልል፣ «ሰሌዳው ላይ ስምህን ያጣህበት ቀን ትዝ አለኝ» አለኝ ልጁ።

ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ጠቀለልኩ።

«ጥሩ ነው ስትለኝ አምኜህ ነበር እኮ።» የገመዱን ጫፍ አቀበለኝ። «ለአባዬ አልነግርብህም።»

አጎቴ ከወጥ ቤት ተጣራ፤ «የኔ ጌታ!»

ቀና አልኩ። የጠራው ልጁን ነበር።