ሦስት የጎድን አጥንቶች

ባለፈው ሳምንት አሰላ ውስጥ፣ ከሱቄ ጀርባ መሠረት ሲቆፈር አጥንት ወጣ። ፖሊስ ያመጣት ወጣት ሐኪም ጓንቷን አጥልቃ አገላበጠችውና፣ «የሰው ይሁን የእንስሳ ሳልመረምር አልናገርም» አለች። የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። እኔ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ሥጋ ቤት ከፍቼ ነበር። ቢላዬ ስል፣ ምላሴ ከቢላዬ የባሰ። አንድ የክረምት ሰኞ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ጊዜ፣ የሰፈራችን ፖሊስ ሦስት የጎድን አጥንት በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ጎርፍ ከሰፈሩ በታች ካለው ገደል ሥር ያወጣቸው፣ ጫፋቸው የተሰባበረ ናቸው። ከኋላው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ልጃቸው ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው፤ ድንገት ቢመጣ ብለው በራቸውን ሳይቀረቅሩ እንደሚተኙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«የጤና መኮንኑ ሐሙስ ከስብሰባ ይመለሳል፤ እሱን ብንጠብቅ?» አለ ፖሊሱ።

«አጥንት ለማወቅ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል እንዴ?» አልኩ። የበሬ ጎድን እንደ ጣውላ ሰፊ ነው፤ ይሄ ጠበብ፣ ክብ ያለ ነው። ለበግና ለፍየል ደግሞ ይወፍራል። «እኔ ከማውቀው እንስሳ አይደለም። የሰው ነው።»

እትዬ ዘነበች ቀረብ አሉ። «ልጄ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ጎኑ ተሰብሮ ነበር። እስቲ እይልኝ፣ ስብራት አለበት?»

በጣቴ ዳሰስኩ። አንደኛው መሐሉ ላይ ተሰብሮ የገጠመ ጉብታ ነበረው።

«አለበት» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ፍትሐት ተደረገ፣ ተቀበረ። እውነቱን ልናገርና፣ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ ሰው «አዋቂ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሰልስቱ ጋሪ ነጂው ከድር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አጥንቱ ከየት እንደወጣ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወላሂ፣ እዚያ ገደል የጣልኩት ፈረሴን ቡላን ነው! የጋሪው እንጨት ጎኑን ሰብሮት፣ እኔው አስታምሜ ያዳንኩት!»

ፈረስ! በየቀኑ በሱቄ ደጅ ስንት ፈረስ ያልፋል። ግን የፈረስ ሥጋ ማን ይበላል? ቢላዬ ነክቶት ስለማያውቅ ከእንስሳ አልቆጠርኩትም። ለፈረስ ፍትሐት አስደረግሁ! ሐሙስ የጤና መኮንኑ አጥንቱን አስወጥቶ ሲያይ ከድር ልክ ሆነ።

ለእትዬ ዘነበች የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «እትዬ፣ የልጅዎ አይደለም። የፈረስ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ወይ ይረግሙኛል፣ ወይ እልል ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «በአራት ዓመት ውስጥ፣ በሩን ቀርቅሩልኝ ብዬ እንቅልፍ የወሰደኝ አሁን ነበር» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱና በሩን ገርበብ አድርገው ተመለሱ።

ወጣቷ ሐኪም አጥንቱን ጠቅልላ ስትሄድ፣ «ተባረኪ፣ ልጄ» አልኳት። ለምን እንዳልኳት አልገባትም። የእትዬ ዘነበች ልጅ ሳይመጣ፣ እሳቸውም አረፉ። ሱቄን ዘግቼ በደጃቸው ሳልፍ፣ እስኪሞቱ ድረስ ያ በር ገርበብ እንዳለ ነበር። አሁን ቤቱን የተከራዩት ሰዎች በጊዜ ይቀረቅሩታል፤ የመቀርቀሪያውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።